እትዬ የሺ ስትዞር

ትርንጎ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት አርባ ሰከንድ ነው። ሠላሳው ለቅሶ ነው። ቀሪው ይኸውላችሁ፦

«እኅቴ ገነት፣ ሳጥኑ አይከፈትም አሉኝ። ቀኑ ስለቆየ ሽማግሌዎቹ አይሆንም ብለዋል። እማዬ ግን ፊልም ሠርቻለሁ፣ ፊቴን በፊልም ታይዋለሽ ብላኝ ነበር። በማርያም ይዤሻለሁ፣ ፊልሙን ላኪልኝ። ልያት።»

ቤይሩት፣ መዝረዓ ሰፈር ባለችው ፀጉር ቤቴ የደንበኛ ፀጉር እያጠብኩ ነበር። ስልኩን በእርጥብ እጄ አንሥቼ ሰማሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። ደንበኛዬ «ውሃው እኮ ቀዘቀዘ» እስክትለኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

የትርንጎ እናት እትዬ የሺ ከሞተች ዐሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። ባዕብዳ ላይ በምትሠራበት ቤት አንድ ጠዋት የማዳሟን መድኃኒት ሳታቀርብ ቀረች። አሮጊቷ ማዳም በምርኩዟ እየተደገፈች ከማድ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍሏ ሄዳ ስታያት፣ እንደተኛች ነበረች። ደም ግፊት ነው ተባለ። ይኸው እኛ አስከሬኗን ወደ አገር ለመላክ ከቢሮ ቢሮ ወረቀት ይዘን እንሯሯጣለን፤ አንዱ «ቡክራ»፣ ነገ ኑ፣ ይለናል፣ ሌላው ማኅተም ጎደለ ይለናል።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ይወራል። እኔ ግን እትዬ የሺን ሳስባት ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ጥቂቱ በእሷ፣ የሚበዛው በራሴ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ውስጤ የሚንተከተከውን ላውጣው ብዬም ነው።

ያወቅኳት ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከሰው ቤት ወጥቼ ፀጉር ቤቴን በከፈትኩ ሰሞን ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ አንኳኳች። «ግቢ» ስላት ገባች። ፀጉሯን ልትሠራ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላት፤ እሷ ግን ወለሉን ነው የምታየው።

«ማነው እዚህ የሚጠርገው?» አለችኝ።

«እኔ።»

መጥረጊያውን ከጥግ አነሣች፣ ከወንበሮቹ ሥር ሁለት ጊዜ ሳበች፣ እፍኝ የሚሞላ ፀጉር አውጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። «ቸኩሎ የጠረገ ሁለቴ ይጠርጋል» አለች። ገና ስሟን እንኳ አላወቅኩም። እንዲህ ናት እንግዲህ። የመጀመሪያ ቀን ያናደደችኝ፣ የመጨረሻም ቀን ያናደደችኝ ሰው ናት።

የወረኢሉ ሰው ናት። ቤይሩት ዐሥራ አራት ዓመት ኖራለች፤ ስትመጣ ትርንጎ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ «አንቱ» ብላት፣ «ተዪኝ፣ እዚህ አገር የምትከበረው ማዳም ብቻ ናት» ብላ ከለከለችኝ። እረፍቷ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሰርቪስ ታክሲ መዝረዓ ትመጣና ፀጉር ቤቴ ትውላለች። ስትቀመጥ የወንበሩን ጠርዝ ብቻ ነው የምትነካው፤ አንድ ሰው ከውስጥ ቢጠራት ፈጥና ለመነሣት የተዘጋጀች ትመስላለች። ዐሥራ አራት ዓመት ስትጠራ የኖረች ሴት መደገፍ ትረሳለች።

ቀኝ እጇ ሁልጊዜ አፏ ላይ ነው። ስትስቅ እጇን ትጭናለች፣ ስታወራ ትጭናለች፣ ስትበላ እንኳ ወደ ግድግዳ ዞር ትላለች። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ የሉም ነበር። «በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት በር መታኝ» ብላኛለች። ከዚያ በላይ ተናግራ አታውቅም። በር መታኝ የምትል ሴት ስትገጥመን እኛ የትኛው በር ብለን አንጠይቅም። እሷ ብቻ፣ ሰው እንዳታማ፣ «የድሮው ቤት ነው፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ የአሁኗ ማዳሜ እጇን አንሥታብኝ አታውቅም» ብላ ትጨምራለች።

ያንን አፏን ከልጇ ሸሸገችው። ትርንጎ በስልክ «ፊትሽን አሳዪኝ» ባለች ቁጥር «ኔትወርኩ አይችልም» ትላታለች። የምትልከው ፎቶ ሁሉ ከንፈሯን ግጥም ያደረገችበት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት! ልጅቷ የእናቷን ሳቅ በጆሮዋ እንጂ በዓይኗ ሳታውቀው አደገች።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ።

ለስደተኛ ሴቶች እሑድ እሑድ ልዩ ልዩ ትምህርት የሚሰጥበት አንድ አዳራሽ አለ። ባለፈው ዓመት በስልክ ፊልም መሥራት እናስተምራለን ሲሉ መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ሳቁብኝ እንጂ! ሰው ቤት ስሠራ የማዳሜን ልብስ እየተኮስኩ ያየሁት ፊልም ተቆጥሮ አያልቅም፤ ከዚህኛው ይልቅ ይኼ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንቱን ሸሚዝ አሳርሬያለሁ። አስተማሪያችን ሚስ ሪታ የምትባል ወጣት ሊባኖሳዊት ናት። የመመረቂያ ሥራችን የልብ አንጠልጣይ ፊልም መግቢያ ነበር። ሙሉ ፊልም አይደለም፤ የመጀመሪያዋን ሁለት ደቂቃ ብቻ። ተመልካቹን አስደንግጦ፣ ጥያቄ ውስጥ ከቶ መተው ነው።

ሚስ ሪታ «ሰው የሚፈራው ያላየውን ነው» አለችን። እኔ ይህን ቃል እንደ ጸሎት ያዝኩት። ታሪኬን ጻፍኩ፦ አንዲት የቤት ሠራተኛ ተዘግቶ የቆየ ቤት እንድትከፍት ትላካለች፤ ትገባለች፤ ወለሉ ላይ ደምና የተሰበረ ብርጭቆ ታያለች፤ ከኋላዋ አንድ ድምፅ በስሟ ይጠራታል፤ ልትዞር ስትል ያልቃል። ከታሪኩ ሥር «ፊቷ አይታይም» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በሚቀጥለው እሑድ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከእኔ ጋር ፀጉር ቤት ለምትሠራው ለምሕረት ታሪኩን ሳነብላት እትዬ የሺ ትሰማለች። እንዲህ ያለች ሠራተኛ ሆና የምትሠራልን ማን እንደሆነች ስንነጋገር፣ «እኔ አለሁ» አለች። ቀና ብዬ ሳያት እጇ አፏ ላይ የለም። ጭኗ ላይ ነው። ፈገግ ብላ ታየኛለች፤ ሁለት ነጫጭ ጥርስ ቦታቸው ላይ።

«ጥርስሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

«በርጅ ሐሙድ ሄጄ አስተከልኩት። ማዳሜ እንኳ አላወቀች፤ ዓይኗ ደክሟል» አለችና ሳቀች። በስድስት ዓመት ውስጥ አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ጉንጯ ላይ ስርጉድ አላት። ማን ያውቅ ነበር?

«ለትርንጎ አሳየሻት?»

«በምኑ? የእኔ ስልክ የማዳሜ ልጅ የጣለው ነው፣ ካሜራው ጭጋግ ነው። በሰው ስልክ ደግሞ እየተቆራረጥኩ፣ ግማሽ ፊቴ እየቀረ አታየኝም። ስንት ዓመት የሸሸኋት ልጅ ናት። አሁን ተሠርቼ፣ ሰው ሆኜ ትየኝ። በፊልም።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ገኒ፣ ፊቴን ታነሺኛለሽ አይደል?»

«እንዴታ!» አልኳት።

ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ተከፍቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበትን ማየት ነበረብኝ፤ ግን በነጻ፣ በጊዜ፣ ያለ ጭቅጭቅ የምትመጣ ተዋናይ አግኝቼ ማን ወደ ደብተር ያያል?

ቀረጻው ካራንቲና በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ባዶ በሆነ የቤት ዕቃ መጋዘን ነበር። መስታወት የሚሸጥልኝ ሰውዬ ለአንድ እሑድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ አዋሰን። በዚያን ቀን ካልጨረስን የእትዬ የሺ ቀጣይ እረፍት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሥራ ማስረከቢያው ደግሞ ከዚያ በፊት። ስለዚህ ከጠዋቱ ጀምሮ ነርቬ ተነሥቷል።

እትዬ የሺ አንድ ሰዓት ላይ ፀጉር ቤት መጥታ ፀጉሯን ሠራሁላት፤ በራሷ ጥያቄ ወደ ኋላ ተለቆ፣ ጫፉ ተጠቅልሎ። ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሳለች። ትንሽ የወርቅ ጉትቻ አድርጋለች። ከንፈሯን ቀብታለች። ካራንቲና ስንደርስ ከቦርሳዬ ሰማያዊውን ዩኒፎርምና የራስ ሻሽ አወጣሁ።

ዩኒፎርሙን አየችው። «በእሑድም?» አለች።

«ገጸ ባሕሪዋ ሠራተኛ ናት፣ እትዬ የሺ።»

«እሑድ የላትም?»

«የላትም! ያላ፣ ሰዓት የለንም።»

ቀሚሷን አላወለቀችም፤ ዩኒፎርሙን በላዩ ደረበችው። ያን ሁሉ ሰዓት የለፋሁበትን ፀጉር ሻሽ አሰርኩበት። የቀሚሷ ጫፍ ከዩኒፎርሙ ሥር ብቅ ሲል ጎንበስ ብዬ በመርፌ ቁልፍ ወደ ላይ አያያዝኩት። ዝም ስትል ደግሞ ከንግግሯ የባሰ ታናድዳለች።

የመጀመሪያውን ጀመርን። ምሕረት ስልኳን ይዛለች፤ ከሁላችን ስልክ የእሷ ካሜራ ይሻላል። «ጀምሪ» አልኩ። እትዬ የሺ ወደ በሩ ሄደችና አንኳኳች። ጠበቀች። ደግማ አንኳኳች።

«እትዬ የሺ፣ ቤቱ ባዶ ነው! ማን እንዲከፍትልሽ ነው?»

«ታዲያ ሳላንኳኳ የሰው ቤት ልግባ?»

ሁለተኛው ላይ አላንኳኳችም፤ ደፍ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ አስተካክላ አስቀመጠች። ሦስተኛው ላይ፣ ተመስገን፣ ከነጫማዋ ገባች። ደሙ ጋ ደረሰች። ደሙን ከድብስ ሩማን ነው የሠራሁት፤ ሰላጣ ላይ የሚደረገው ወፍራሙ የሮማን ጭማቂ፣ ቀይ ቀለም ጨምሬበት። እዚያ ስትደርስ ደንግጣ ወደ ኋላ ማለት ነበረባት። እሷ ግን ከኪሷ ጨርቅ አወጣች። ከየት አመጣችው? እኔ አልሰጠኋት! ብርጭቆውን በጣቷ ለቅማ አንድ ጥግ ሰበሰበችና ተንበርክካ ደሙን ጠረገችው። አንድ ጠብታ ሳይቀር።

ምሕረት በሳቅ ስትንቀጠቀጥ ስልኩም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

«ደም ነው!» አልኳት። «ሰው የሞተበት ደም! ትፈሪያለሽ እንጂ አታጸጂም!»

«ይድረቅ ታዲያ? ከደረቀ በኋላ ማን ይፈቅፍቀዋል?»

«ፖሊስ!»

«ፖሊስ ወለል ይፈቅፍቃል? ሹ ሃይዳ! ምን ነገር ነው!» ጨርቁን ጨመቀችው። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? ፖሊስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚይዘው እኔን ነው። ትቼ ብሮጥ፣ ሠርታው ሮጠች ይሉኛል። ቆሜ ብጮኽ ጎረቤት እኔን ያያል። እኛ እንዲህ ያለ ነገር ስናይ እናጸዳለን፣ ከዚያ እንጸልያለን። ሌላ ምን መንገድ አለን?»

ዛሬ ይህን ሳስበው ከእኔ ታሪክ የእሷ እንደሚያስፈራ ይገባኛል። ደም አይታ የምትሮጥ ሴት በየፊልሙ አለች፤ ደም አይታ በዝምታ የምትወለውል ሴት ግን አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ሰዓቴን ነበር የማየው። አዲስ ደም አፈሰስኩ። እሷም ጠረገችው። እኔ አፈስሳለሁ፣ እሷ ትጠርጋለች። ቸኩዬ ስደፋ ጫማዬ ላይ ሲፈስብኝ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችና ጫማዬንም ጠረገችልኝ። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። የድብስ ሩማኑ ጠርሙስ ከግማሽ በታች ወረደ።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበራት። እያንዳንዱ ቀረጻ ሊያልቅ ሲል ወደ ካሜራው ዞራ እጇን ታወርዳለች፤ ያንን አዲስ ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች። «ትርንጎዬ! አየሽኝ?» ትላለች። አንዴ ሻሹን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ፀጉሯን አሳየች። አንዴም ጥርሷን በጥፍሯ ቀጭ ቀጭ አድርጋ «ይኸው፣ ጠንካራ ነው» አለች።

«አትሳቂ፣ እትዬ የሺ! ልብ አንጠልጣይ ነው! ልብ አንጠልጣይ ላይ አይሳቅም!»

«ፓርዶን፣ ፓርዶን» ትለኛለች። ቀጥሎ ያው ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ምሕረት ስልኳን እያየች፣ «ገኒ፣ ሞልቷል። ከእንግዲህ አይቀርጽም። ሹ እናድርግ?» አለችኝ።

እትዬ የሺ በስተ ጓሮ ባለው ቧንቧ ጨርቋን እያጠበች ነበር።

«የምትስቅበትን ሁሉ አጥፊው» አልኩ።

«ሁሉን?»

«ሁሉን! ምን ያደርግልናል? ኸላስ፣ ያላ!»

ምሕረት እየነካካች አጠፋች። የቧንቧው ውሃ ይንዠቀዠቅ ስለነበር እትዬ የሺ ትስማ አትስማ አላውቅም። ብትሰማም አትለኝም ነበር።

የመጨረሻው ቀረጻ ተሳካ። ጨርቁን ቀምቻት ስለነበር ነው። ገባች፤ ምሕረት ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት። የሚታየው ጫማዋ፣ የበሩን እጀታ የያዘው እጇ፣ ከዚያ ጀርባዋ ነው። ደሙ ጋ ስትደርስ እጇ ወደ ወለሉ ተዘረጋ፤ ልትጠርግ ነው። አስታወሰችና ያዘችው። እጇ አየር ላይ ቀርቶ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ በወፍራም ድምፅ «የሺ!» አልኩ። መዞር ጀመረች። ቀኝ ትከሻዋ መጣ፣ የሻሹ ጠርዝ መጣ፣ ጆሮዋና ትንሿ የወርቅ ጉትቻ መጡ።

«ቁረጪ!» ብዬ ጮኽኩ።

ምሕረት ስልኩን አወረደች። እትዬ የሺ ግን መዞሯን ጨረሰች። ሙሉ ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ፣ ላብ በግንባሯ እየወረደ፣ ከዳር እስከ ዳር ሳቀች። ያንን ሳቅ ያየነው ምሕረትና እኔ ብቻ ነን።

ከዚያ በኋላ መጋዘኑን በሙሉ ወለወለችው። ባለቤቱ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ «ይኼ የእኔ ነው?» አለ።

ፊልሙ በአዳራሹ ሲታይ የእሷ እረፍት አልነበረም። ተጨበጨበልኝ። ሚስ ሪታ ፊቷን መደበቄን አደነቀች፤ «ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ! እንዴት አሠራሻት?» አለችኝ። እኔም የራሴ ብልሃት እንደሆነ ሁሉ ፈገግ አልኩ። በመጨረሻ ስለ ሥራችን የምንመልሰው የጥያቄ ወረቀት ታደለን። አንዱ ጥያቄ «ደግመሽ ብትሠሪው ምን ትቀይሪያለሽ?» ይላል። «መብራቱን» ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ እትዬ የሺ ደወለች። ማዳሟ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«አምሬያለሁ?»

«በጣም።»

«ጥርሴ ይታያል?»

ያኔ ልነግራት እችል ነበር። «የለሽበትም፣ ጀርባሽ ነው ያለው» ማለት ስንት ቃል ነው? «ሁሉም ነገር ይታያል» አልኳት። «ላኪልኛ፣ ለትርንጎ በምሕረት ስልክ ይላካል» ስትለኝ ደግሞ ሙዚቃው ይቀረዋል ብዬ አመለጥኩ። ሙዚቃ ተብዬው ገብቶ ካለቀ ሳምንቱ ነበር።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ በሚቀጥለው እረፍቷ ያንን ወይን ጠጅ ቀሚሷን አስለብሼ፣ ባሕሩ ዳር ወስጄ፣ እንደ ልቧ እያሳቅሁ አነሣትና ሁለቱንም እልካለሁ። በሚቀጥለው እረፍቷ ማዳሟ ታመመችና ከቤት አልወጣችም። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ እኔ ሙሽራ ነበረችብኝ። «ዛሬ አይመቸኝም፣ እትዬ የሺ» ስላት ጊዜ ቅር አላላትም። «ግድ የለም፣ ጥርሱ አይበርም» አለች። ስለ ፊልሙም መጠየቅ ተወች። «ረጋ ብለሽ ሥሪው፤ ቸኩሎ የጠረገ ሁለቴ ይጠርጋል» ብላ እንዲያውም አበረታታችኝ። ለትርንጎ በየሳምንቱ «ፊልሙ ሊደርስ ነው» ትላት እንደነበር ያወቅሁት ከሞተች በኋላ ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ሞተች።

እንግዲህ ንዴቴ ይህ ነው። የትርንጎን መልእክት ከሰማሁ በኋላ ምሕረትን ስልኳን አምጪ አልኳት። የጠፋ ቪዲዮ ስልኩ ውስጥ ሠላሳ ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ራሱ ይደመሰሳል። እኛ ስልሳ ቀን አልፎናል። ምሕረት ከንፈሯን ነክሳ፣ «እኔ ሁሉን? ብዬ ጠይቄሽ ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኛል።»

«እኔ እኮ...»

«ጠይቀሽኛል አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮኽኩባት። ምን አጠፋች?

ዶራ የሚገኝ አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ወሰድነው። ልጁ ከገመድ ጋር አያይዞ ብዙ ቆየና፣ «ማፊ ሺ፣ ሐቢብቲ» አለን። ምንም የለም ማለቱ ነው። ሌላ ጠጋኝ ጋ ሄድን። እሱም ያንኑ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው። እየተመለስን ሰርቪሱ ውስጥ በሁሉም ተናደድኩ፦ በሚስ ሪታ፣ ጭጋግ የሆነ ስልክ በሰጣት በማዳሟ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ስልክ በያዘበት አገር አንዷን «አንሺኝ» ሳትል በቀረችው በራሷ በእትዬ የሺ። ማንን ትበል? እኔን ብላ ነበር እኮ። እኔም «እንዴታ» ብያት ነበር።

አንድ ቀን ሙሉ አልላክሁትም። ጠፍቷል ልበላት ብዬም አስቤ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከመክፈቴ በፊት ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ፊልሙን ላክሁት፤ ከሥሩ «ይህ መግቢያው ብቻ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። በዚህኛው ድምፅ ላይ ለቅሶ የለም። ትርንጎ ትቸኩላለች፤ ደስ ያላት ትመስላለች፦

«ደረሰኝ እኅቴ፣ እግዜር ይስጥሽ! አምስት ጊዜ አየነው። እጇን አያቴ አወቀችው፤ አውራ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ ማጭድ የቆረጣት ነው አለች። ቁመቷ እንደኔ ነው ለካ! ከኋላዋ ሲጠሯት ልትዞር ስትል ግን ያልቃል። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ቀጣዩን እየጠበቀ ነው። የምትዞርበትን ላኪልኝ።»

ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። በጽሑፍ አልሆን ሲለኝ ስልኩን አፌ ጋ አስጠግቼ ተናገርኩ።

«ትርንጎ፣ የምትዞርበት የለም። እናትሽ ዞራ ነበር። አዲስ ጥርሷን አውጥታ፣ እጇን አፏ ላይ ሳትጭን ስቃልሽ ነበር። አንዴ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። ትርንጎዬ አየሽኝ ብላሽ ነበር። አጥፊው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ላክሁት። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ፤ ሰምታዋለች። እስካሁን አልመለሰችልኝም።